ባለጥርሱ ፓራውልት

ፍሬኖ ሥራ ከፈታ ወዲህ እማማ ደንቡ በገዛ ማድቤቷ ውስጥ መንጃ ፈቃድ እንደሌላት ሰው ሆናለች።

ፍሬኖ የልጇ ባል ነው፤ ሙያው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሰፈሩ ፍሬኖ ብሎ ስም ያወጣለት ቀኑን ሙሉ «ፍሬን፣ ፍሬን፣ ኧረ ፍሬን» ሲል ስለሚውል ነው። ተኝቶ እንኳ በቀኝ እግሩ ፍራሹን ይረግጣል ብላ ሚስቱ ለአንዲት ጎረቤት አጫውታለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ለማንም አልተናገረችም፣ ለሰፈሩ ብቻ ነው። የእማማ ደንቡ ስም የወጣው ግን በሌላ ነው። ሰው ቤት ሲገባ ደንብ አላት፣ ሲወጣ ደንብ አላት፣ ለሳል እንኳ ደንብ አላት። ከሁሉ የሚብሰው የእንግዳ ደንቧ ነው። እንግዳ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ማየት የለበትም። የተቀደደ መጋረጃ ማየት የለበትም። አንዴ እንግዳ የተቀመጠበት ወንበር እግሩ ሊሰበር ሲል አይታ፣ ሰውየው ተጫውቶ እስኪጠግብ ድረስ ወንበሩን በጉልበቷ ደግፋ አጠገቡ ቁጭ አለች ይባላል። ውሸት ነው የሚሉም አሉ። ጉልበቷን ያየ ግን ያምናል።

የፍሬኖ ማስተማሪያ መኪና ስትገዛ ደህና ነበረች፤ እንደ ማንም ሰው መኪና፣ ሰማያዊ፣ ጭምት። ጉድ ያደረጋት ፍሬኖ ነው። መጀመሪያ ከኋላዋ ልብስ ማስጫ የሚያህል ክንፍ አስተከለላት። ቀጥሎ ኮፈኗ ላይ፣ ማለት የሞተሩ ክዳን ላይ፣ የትም የማያደርስ አፍንጫ አስበጀላት። በመጨረሻ የፊት መከላከያዋን፣ ፓራውልት የሚሉትን፣ አስነቅሎ ጥሎ ከዕቃ መደብር በፋይበር የተሠራ አዲስ አመጣላት። ይሄኛው ጥርስ አለው። ቀልድ አይደለም፣ እንደ ጅብ ጥርስ ከላይና ከታች የተደረደረ ነው። የሰፈሩ ውሾች መኪናዋን ሲያዩ መንገድ መልቀቅ ጀመሩ፤ ፍሬኖ ለዚህ ኩራት ነበረው።

ታዲያ ያንን ጥርስ የሰበረችው ማን መሰለቻችሁ? የጥርስ ሐኪሟ። ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፣ ረጋ ያለች ሴት። ፍሬኖ ፍሬን ሲላት ነዳጅ ሰጠችና ከክሊኒኳ የበር ዓምድ ጋር አላተመቻት። ጥርሱ ረገፈ፣ አፍንጫው ተደፈጠጠ፣ በግራ በኩል ያለው የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮው፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው እግዜር ይመስገን ደህና ነው። መኪናዋ በሰው ተጎትታ ግቢ ገባች፣ ፍሬኖም ከኋላዋ ተከትሎ ቤት ገባ፣ ቤት ዋለ፣ ቤት ከረመ።

ሚስቱ ፋርማሲ ስለምትሠራ ማልዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ስለዚህ የሚያስተምረው ሰው ሲያጣ አማቱን ማስተማር ጀመረ። ድስት ይዛ ስትዞር «እማማ፣ ኋላዎን አይተዋል?» ይላታል። ሽንኩርት ስትከትፍ ፍጥነት ይቀንሱ ይላል። የማድቤቱን ወለል በጠመኔ ለሁለት ከፈለና ወደ ምድጃ መሄጃው በቀኝ፣ መመለሻው በግራ ነው አላት። አንድ ቀን ወደ ኋላዋ እየሄደች ወለል ስትጠርግ ከበስተኋላዋ ቆሞ እንደ ጭነት መኪና ጢ፣ ጢ፣ ጢ ሲልላት ሾርባው አረረ። ስድብ አላወጣችም፤ አማች አይሰደብም፣ ደንብ ነው። አንጀቷ ግን ከሾርባው ብሶ ነው ያረረው። ለልጇ ብትነግራት፣ መኪናው ሲጠገን ይተወዋል እማዬ፣ ትንሽ ቻይው አለቻት። እማማ ደንቡም ከዚያ ቀን ጀምራ ለጤና ሳይሆን ለዚያች መኪና ጥገና መጸለይ ያዘች።

ነገሩ ያለው ኢንሹራንሱ ዘንድ ነው። ኢንሹራንሱ ገማች እልካለሁ ብሏል። ገማች ማለት የተጎዳውን ዓይቶ ይሄ ይሠራ፣ ይሄ ይቀየር የሚል ሰው ነው። ፍሬኖ ግን ሆዱ ፈርቷል። ክንፉንም፣ አፍንጫውንም፣ ጥርሱንም ሲያስገጥም ለኢንሹራንሱ ትንፍሽ አላለም፤ እነሱ ደግሞ በስልክ፣ እኛ የምናውቀው ከፋብሪካ እንደወጣች ነው ብለውታል። በነጋ በጠባ «ጥርሴን ምን ይሉኝ ይሆን?» ይላል፤ የሰማ ሰው የራሱን ጥርስ ያመመው ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰና፣ የኢንሹራንሱ እንግዳ ዛሬ መኪናውን ሊያይ ይመጣል፣ እኔው ሄጄ ከቢሮው ይዤው እመጣለሁ አላት። ይችን ብሎ ወጣ። ማንም እንዳይነካት ማለቱን ረሳው። ለሌላ ሰው ቢሆን አለመናገሩ ምንም አልነበረም፤ የተሰበረ መኪና ማን ይነካል? ለእማማ ደንቡ ግን እንግዳ ይመጣል ማለት ተነሽ ማለት ነው።

ግቢ ወጥታ መኪናዋን አየቻት። አፏ የረገፈ፣ ዓይኗ የተንጠለጠለ። እንግዳው ሊያያት የሚመጣው እሷን ነው። እማማ ደንቡ በዕድሜዋ ስንት ልጃገረድ አስድራለች፤ ሊያዩ የመጡ ሽማግሌዎች ፊት ፊቷ የተቧጨረ ልጅ አይቀርብም። ገበና ይሸፈናል፣ ከዚያ ነገር ይቀጥላል። ሰውየው ይችን ጉድ ካየማ፣ የእንዲህ ያለ ቤት መኪና አንሠራም ብሎ ይሄዳል፣ ፍሬኖም ማድቤቴ ውስጥ ሸምግሎ ይሞታል ብላ አሰበች። ደግሞስ ያ ከውጭ የተገዛ ጥርስ ባይታይ ምን ይጎዳል? በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ቀጥ ብላ ባትላሜራው ጋ ሄደች። ባትላሜራው የመኪና ቆርቆሮ የሚያቀና ጎረቤት ነው፣ ጋራዡ ከግቢዋ አጥር ጋር የተያያዘ። የፈለገችውን ስትነግረው መዶሻውን አስቀምጦ፣ ሰውየው እኮ የሚመጣው፣ ብሎ ጀመረ። እማማ ደንቡ አላስጨረሰችውም። ባለፈው ዝናብ፣ ሚስቱ ሳታይ፣ የልብስ ሰፊዋን ጥላ ይዞላት ሲሄድ ስላየችው ስለ ጥላው ጤንነት ጠየቀችው። ባትላሜራው አፉን ዘጋ፣ መፍቻውን አነሳ።

በዚያ ሰፈር መኪና ያለው ሁሉ ያችኑ ዓይነት መኪና ነው ያለው። ኮፈን ከዳቦ ጋጋሪው ተዋሱ፤ ነጭ ነው፣ ላዩ ላይ «ትኩስ ዳቦ» የሚል ተጽፎበታል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ዝናብ ሳይመጣ መልሱልኝ፣ ሞተሬ ውሃ አይወድም ብሎ ሰጠ። ፓራውልት ከፀጉር አስተካካዩ ተገኘ፤ ቀይ ነው። አረንጓዴ ስፖኪዮ የሰጠችው የጡረተኛው ዳኛ ሚስት ናት፤ ባሏ ሳያይ ፈታችው። ባትላሜራው እያቃሰተ ሁሉንም ገጠመ። እማማ ደንቡ ጽሑፉን በጠረጴዛ ልብስ ሸፈነችና ከላዩ አበባ ያለው ማሰሮ አስቀመጠችበት። የተሰባበረውን ኮፈንና ስፖኪዮ ከአልጋዋ ሥር ከተተቻቸው። ባለጥርሱ ፓራውልት ግን ከሥር አልገባ አላት፤ አልጋው ላይ አጋደመችና ብርድ ልብስ አለበሰችው። የታመመ ሰው መሰለ። ራሱ ያለበት ይመስል ትራስም ሰጠችው።

ፍሬኖ ገማቹን ይዞ ሲገባ የክት ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። ገማቹ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ ደረቅ ያለ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ካሜራ፣ እጁ ላይ የእጅ ባትሪ። መጀመሪያ ሻይ አለችው፣ ሥራ ይቅደም አለ። መንገዱ በመኝታ ቤቷ መስኮት በኩል ስለነበር ገልመጥ ሲል አልጋው ላይ የተጋደመውን አየ። ታማሚ አለ እንዴ ብሎ ቢጠይቃት፣ ወንድሜ ነው፣ ወድቆ ነው አለችው። እግዜር ይስጠውና ሰውየው ጨዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው። ፍሬኖ አማቱ ወንድም እንደሌላት ያውቃል። ግን ምን ይበል።

ገማቹ መኪናዋን አንዴ ዞራት። ቆም አለና ደግሞ ዞራት።

«የተጋጨችው መኪና የት አለች?» አለ በሹክሹክታ።

የፍሬኖ ቀኝ እግር ሳያዘው መሬቱን ረገጠ። «ጠዋት እዚህ ነበረች» አለ።

እማማ ደንቡ ጣልቃ ገባች። «እኛ ቤት ግጭት የሚባል ነገር የለም፣ ጌታዬ። ይኸው እንደሚያዩዋት ናት። ደህና ቤተሰብ ነን።»

ገማቹ የጠረጴዛ ልብሱን በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ «ትኩስ ዳቦ» የሚለውን አነበበ። ምንድን ነው ቢላት፣ ዳቦ እንወዳለን አለችው። ቀዩን ፓራውልት በባትሪው አበራበት። አረንጓዴውን ስፖኪዮ ነካ አደረገና ይሄስ ለምን አረንጓዴ ሆነ ቢላት፣ አረንጓዴ ለዓይን ጥሩ ነው አለችው። ፍሬኖ የሚሆነውን ያያል። አማትን በእንግዳ ፊት ዋሽተዋል አይባል፤ ዝም ቢባል ደግሞ የመኪናዋ ጥገና ሊቀር ነው።

በመጨረሻ ገማቹ የካሜራውን ክዳን ቀጭ አድርጎ ዘጋ። መኪናዋ ሙሉ ናት፣ የሚሠራ ነገር የላትም፣ ይሄንኑ ለቢሮ እነግራለሁ አለ። ከውጭ ስለተገጠሙት ባለብዙ ቀለም ዕቃዎች ደግሞ ቢሮው ራሱ ሳይጠይቃችሁ አይቀርም ብሎ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። እማማ ደንቡ ሙሉ ናት የሚለውን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷ ታየች፣ እንከን አልተገኘባትም፣ አሁን ሽማግሌዎቹ ይስማማሉ። ፈገግ ብላ ወደ ፍሬኖ ዞረች።

ፍሬኖ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። አልተቆጣም። እንደ ሰው ተስፋ ቆርጦ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ሰው ተጽናንቶ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እማማ» አላት ለስለስ ብሎ። «ቤት ነኝ ማለት ነው። ማድቤቱን በደንብ እናስተካክለዋለን። ጓዳውንም እጨምርበታለሁ። መብራት እንኳ እሰቅልልዎታለሁ፣ ቀይና አረንጓዴ።»

እማማ ደንቡ አሁን ገባት። ለካ ገበና የሸፈነች መስሏት ሰውየውን ከማድቤቷ ጋር በገዛ እጇ አጋብታዋለች። ሮጣ ገማቹን በር ላይ ያዘችው። ተሰብራለች፣ በልጄ እምልልዎታለሁ፣ አሳምራ ነው የተሰበረችው አለችው። ገማቹ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነው። «እናቴ፣ አሁን ሙሉ ናት አሉኝ፣ እኔም በዓይኔ አየሁ» አለ። የሰውየው አንድ እግር ደጅ ነው።

ይሄን ጊዜ ሰማዩ ጉርምርም አለ።

ዳቦ ጋጋሪው እጁ ዱቄት እንደሆነ ከች አለ። ወደ ላይ እያየ፣ ይቅርታ እማማ፣ ኮፈኔን ልወስድ ነው፣ ዝናብ ሊጥል ነው አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እማማ ደንቡ በዓይኗ ብቻ ከግቢ ታስወጣው ነበር። እንግዳ ፊት የተዋሱትን ዕቃ መጠየቅ፣ እንዲህ ያለ ውርደት። ዛሬ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ምራቋን ዋጠችና ና ግባ፣ ንብረትህ አይደል እንዴ፣ ውሰድ አለችው። ዓይኗን ጨፍና ነው ያለችው። ባትላሜራውን በአጥሩ ላይ ጠራችው፤ እሱም ነገሩን ሲያዳምጥ የቆመ ይመስል መፍቻውን ይዞ ነበር። ፀጉር አስተካካዩንም አስጠራችው፣ ግማሽ የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ትቶ መጣ። የዳኛው ሚስት ባሏ ከእንቅልፉ ሊነሳ ነው ብላ በሩጫ ደረሰች።

ማሰሮው ወረደ። የጠረጴዛ ልብሱ ተነሳ። ትኩስ ዳቦ ሄደ። ቀዩ ሄደ፣ አረንጓዴው ሄደ። እያንዳንዱ ሲነቀል እማማ ደንቡ ልብሷን ያወለቋት ያህል ትሸማቀቃለች። በመጨረሻ መኪናዋ ሽቦዋ ተንጠልጥሎ፣ ቆርቆሮዋ ተጣሞ፣ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ እርቃኗን ቆመች። ገማቹ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ያ ደረቅ ፊቱ ከረሜላ እንዳየ ሕፃን በራ። ተንበረከከ፣ በባትሪ አበራ፣ ይሄ ታጥፏል፣ ይሄ ተሰንጥቋል፣ ይሄማ አልቆለታል እያለ እንደ ሙሽራ ዘመድ ዞራት። እንዲህ አይሉኝም ነበር ወይ አላት።

ቀጥሎ የተነቀሉት ዕቃዎች የት አሉ፣ ማየት አለብኝ አለ። ኮፈኑና ስፖኪዮው አልጋ ሥር ናቸው ብትለው ግድ የለም አለ። ሌላውስ ሲላት በእጇ ምልክት ሰጥታው ወደ መኝታ ቤት መራችው። ባትላሜራው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የዳኛው ሚስት ሁሉ ተከተሉ፤ ገማቹ አሁንም ታማሚውን ላለመቀስቀስ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ነው የሚሄደው። እማማ ደንቡ ሐኪም እንደመጣበት ሰው ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ገለጠች። ትራሱ ላይ ያ ሁሉ ጥርስ፣ ግማሹ የረገፈ፣ ግማሹ ያገጠጠ፣ ጣሪያውን እያየ ይስቃል።

ገማቹ ወደ ኋላ ሲል የዳቦ ጋጋሪውን እግር ረገጠ። ቆየት ብሎ እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ነበር፤ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ስላልሳቀ ዝጎበት ነው። ዕቃ ባለበት ቦታ ነው የሚነሳው ብሎ እንደተጋደመ፣ ትራሱም ሳይወጣ፣ ፎቶ አነሳው።

ሲረጋጋ ፍርዱን ተናገረ። ኮፈኑ ይቀየራል፣ ስፖኪዮው ይቀየራል፣ ፓራውልቱም ይቀየራል፤ ሁሉም ከፋብሪካ እንደሚወጣው፣ እንደማንም ሰው መኪና። አፍንጫ የለም። ጥርስ የለም።

«መኪናዋ ስትወለድ ጥርስ አልነበራትም» አለ። «በኋላ ያበቀለችውን እኛ አናውቅም።»

ያለቀ መስሏት እማማ ደንቡ ተነፈሰች። ፍሬኖ ግን እምቢ አለ። አዎ፣ እምቢ አለ። ያለ ጥርስ መንገድ አልወጣም፣ ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ በጥርሴ ነው፣ ለበላይ አቤት እላለሁ፣ ከዚያም በላይ ካለ ለዚያም እላለሁ አለ። ገማቹ፣ መብትህ ነው፣ ግን መልስ እስኪመጣ መኪናዋ እንደቆመች ትቆያለች አለው። ፍሬኖም ትከሻውን ሰብቆ እጠብቃለሁ አለ። ቤት ውስጥ ሥራ አላጣም ብሎ ደግሞ ዓይኑን ወደ ማድቤቱ ላክ አደረገ።

የዳኛው ሚስት የእማማ ደንቡን ፊት አይታ ክንዷን ያዘቻት።

እማማ ደንቡ ግን አልወደቀችም። ገማቹን፣ ያንን ጥርስ ትወስዱታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ ብላ ጠየቀችው። የምንተካውን አሮጌ ዕቃ እንወስዳለን፣ ያላወቅነውን ግን ለባለቤቱ እንተዋለን አላት። በጄ አለችና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከፓራውልቱ አጠገብ፣ ቁጭ አለች። በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ስማኝ ልጄ» አለችው ፍሬኖን። «ይሄን የመሰለ ዕቃ ይዞ አቧራ ላይ መንከራተት ምን ይባላል? ዓምድ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ። ክብሩ ቤት ነው። ባትላሜራው ጥርሱን ይተክልለታል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ቤቴ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ላይ አኖርልሃለሁ። ሲነጋ ታየዋለህ፣ ሲመሽ ታየዋለህ። አንተ ግን ውጣ።»

ፍሬኖ ፓራውልቱን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ የሚሉት የት ነው ብሎ ጠየቃት። አደራህን ለኔ ተው አለችው። ባትላሜራው መሬት መሬት ያያል። ፍሬኖ እንባውን ጠርጎ እሺ አለ። ገማቹም ሻዩን አሁን እጠጣለሁ አለ።

መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ጢሙን እንደተላጨ ሰው ነበረች፤ ከኋላ ክንፏ ብቻ ቀርቶላታል። ውሾቹ ተመልሰው ጎማዋን ማሽተት ጀመሩ። ፍሬኖ አንገቱን ደፍቶ ሥራ ወጣ። መጀመሪያ የመጣችው የጥርስ ሐኪሟ ናት። ትምህርቱን ጨርሳ እስክትወርድ ፍሬን አንዴም አልሳተችም፤ የተጋጨች ቀን ግን በክሊኒኳ መስኮት ላይ የጥርሱ ምስል ሲታያት ሁለቱ መንጋጋ የት ጋ እንደማይገጥም እያሰበች እንደነበር አልደበቀችውም። ሰው ሙያውን ትቶ የት ይሄዳል።

ፍሬኖ ያን ቀን ደስ ብሎት ገባና በቀጥታ ለአማቱ ሊነግራት ወደ ማድቤቱ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ቀኝ እግሩ መሬቱን ረገጠ። ባለጥርሱ ፓራውልት የማድቤቱን በር ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ዘግቶ፣ በጉልበት ከፍታ፣ በብሎን ታስሮ ቆሟል። ጥርሱ ሁሉ ገጥሟል፣ ያብረቀርቃል፣ ወደ ውጭ ያገጠጠ ነው። እማማ ደንቡ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትራመደዋለች። ልጇም እያጉረመረመች ትራመደዋለች። ፍሬኖ ብቻ አይችልም። እግሩን አነሳ፣ ጫማውን አየ፣ የቀለሙን ማማር አየ፣ ቢጫርስ ብሎ እግሩን መለሰ። ከዚያ እዚያው በር ላይ ቆሞ፣ ቦታው አምሮለታል እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ አላት። ውሃም ከውጭ ሆኖ ጠየቀና በጥርሱ ላይ አሻግራ ሰጠችው።

ሰፈሩ ሊያይ መጣ። እማማ ደንቡ አላፈረችም፤ አዲስ ደንብ ነው አለቻቸው። የዳኛው ሚስት ከሁሉ ኋላ ቆይታ፣ ሰው ሲበተን ጠጋ አለቻት። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማድቤቷ ውስጥ ወንበር አስገብቶ ድስቱን ይከሳል፣ ማማሰያውን ይመሰክራል፣ ለጨው ይፈርዳል። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ክንፉስ? የኔን ማድቤት በር ሳይዘጋ አይቀርም» አለች። «ፍሬኖ ክንፉን በጣም ይወደዋል?»